ፊደልን ሳይቀንሱ ስለ ማኖር፤ በዳንኤል ያዕቆብ ሥራ ላይ የቀረበ ሒስ

የሒስ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በልብ ወለድ፣ በቅኔ ወይም በቴያትር ላይ ነው። በዚህ ወር ግን አንባብያንን ወደ ሌላ ዐይነት ሥራ ልንወስዳቸው ወድደናል። ሥራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው፤ ሠሪውም ዳንኤል ያዕቆብ ይባላሉ። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙና ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፊደል በኮምፒዩተር እንዲጻፍ፣ እንዲቀመጥና እንዲፈለግ ሲደክሙ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያረቅ ጸሐፊ፣ የፈተና ጥያቄ የሚያዘጋጅ መምህር፣ በስልኩ ለእናቱ «እንደምን ሰነበቱ» ብሎ የሚልክ ተማሪ፣ ሁሉም የእሳቸውንና የባልደረቦቻቸውን ድካም ሳያውቀው ይጠቀምበታል። ድርሰታችን ሁሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ቢበላሽ መጀመሪያ የሚጐዳው ደራሲው ነውና፣ የዕቃውን ሠሪ ሥራ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት መመርመር ከቦታው የወጣ ነገር አይመስለንም።

መድኃኒቱን ከመመርመራችን በፊት በሽታውን እንይ። በባሕር ዳር ከተማ በምናውቀው በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ፈልገው አንድ አሮጌ ዲስክ ከሣጥን አወጡ። ዲስኩ አልተበላሸም፤ ፋይሉም ያለ ችግር ተከፈተ። ነገር ግን በአማርኛው ፈንታ የወጣው የላቲን ፊደል፣ የመቶኛ ምልክት፣ ቅንፍና ነጥብ የተደባለቀበት ገጽ ነበር። ጉዳዩ የአንዲት መበለት የቦታ ይዞታ ስለ ነበረ ሴትዮዋ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠባበቃሉ። አንዱ ወጣት ሠራተኛ ገጹን ተመልክቶ «እማማ፣ ይህ እኮ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው» አላቸው። እሳቸውም «የእኔ ነገር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በእንግሊዝኛ የተጻፈው፣ ልጄ?» ሲሉ መለሱለት። ጉዳያቸው ያለቀው የወረቀቱ ቅጂ ከሌላ ክፍል ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ ነው። ወረቀቱ ባይገኝ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይፍረደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች አንድ የፊደል ገበታ ከ256 የበለጠ ቦታ አልነበረውም፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ በላቲን ፊደልና በልዩ ልዩ ምልክቶች የተያዘ ነበር። የእኛ ፊደል ግን ከነዲቃላዎቹ፣ ከነአኃዙና ከነነጥቦቹ ሲቈጠር ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ የፕሮግራም ሠሪዎች ዘዴ ፈጠሩ። በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የግዕዙን መልክ ሣሉበት። ቦታው አልበቃ ሲላቸው አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ገበታ ከፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ ግንዱን ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ አስቀምጠው እየቀጠሉ አስጻፉት። እንግዲህ ዐይን የሚያየው ግዕዝ፣ መኪናው የሚያውቀው ላቲን ሆነ ማለት ነው። ያ የፊደል ገበታ ከመኪናው ላይ የጠፋ ቀን ጭምብሉ ይወልቃል። እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱን አቀማመጥ ስለ ተከተለም በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች በብዛት የተሠራባቸው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት ገበታዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

ይህን ስንል የቀደሙትን ለማቃለል አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እነ ፍሥሓ አጥላውና እነ ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ ተቀምጠው ያወጧቸው ፕሮግራሞች ባይኖሩ ኖሮ ኮምፒዩተር ለአማርኛ ጸሐፊ ባዕድ ሆኖ በዘገየ ነበር። በጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ማስተኛት ግድ ሲሆን አንዱ በሌላው ላይ መደረቡ አይቀርም። የሚያስወቅሰው ቤቱ ከሰፋ በኋላ ተደራርቦ መቅረት ነው።

ፊደላችን ከመኪና ጋር ሲጣላ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ ያጋጠማቸው ችግር ያው ነበር፤ ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ። ከዚያም ወዲህ በታላላቅ ሰዎች ዘንድ ሲነገር የኖረው ሐሳብ «መኪናው ጠበበ፤ እንግዲያስ ፊደሉ ይቀነስ» የሚል ነው። ሀ፣ ሐና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ከሆኑ ስለ ምን ሦስት ይሆናሉ? ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀስ? ጥያቄው የማላገጥ ጥያቄ አልነበረም። የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ከተሟገቱት መካከል የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ አንዱ ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠብቀው በሚነበቡት ፊደሎች ራስ ላይ ነጥብ እያደረጉ መጽሐፉን አሳትመዋል። እሳቸው ያሰቡት ለአንባቢው ነው። እኛም ሕፃናትን ፊደል ስናስቈጥር የምናየውን ድካም ስለምናውቅ ይህን ሐሳብ በቀላሉ አንጥለውም።

የዳንኤል ያዕቆብን የሥራ ዘመን አንድ የሚያደርገው ሐሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጸሐፊው የጻፈው እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፤ ለአንባቢው የሚያስፈልገው ምቾት በሌላ ቦታ ይሠራለት የሚል ነው። ይህን በዐዋጅ መልክ ጽፈው አላስነገሩም፤ ከሥራዎቻቸው አካሄድ እኛ ያነበብነው ነው። ሒሳችንም የሚያርፈው በዚህ ላይ ይሆናል።

መጀመሪያ ከይትና ፍርድይወቅ ጋር ያዘጋጁትን ሴራ የተባለውን የአጻጻፍ ሥርዐት እንመልከት። ስሙ በአማርኛ የተንኰል ነገር ቢያስመስለውም የእንግሊዝኛ ስሙ አኅጽሮተ ቃል ነው። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር መረብ መላክ በማይቻልበት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎች አማርኛን በላቲን ፊደል እንዲጽፉና ተቀባዩ ወደ ግዕዝ እንዲመልሰው የታቀደ ነው። በላቲን የሚጻፍ አማርኛ ዛሬም በየስልኩ ሞልቷል፤ ነገር ግን ተጽፎ ሲመለስ ተና ጠ፣ ቸና ጨ ይደባለቃሉ። በሴራ ግን አይደባለቁም። የላቲኑ ትንሹ ፊደል ተን፣ ትልቁ ጠን ይወክላል፤ ትንሹ ሀን፣ ትልቁ ሐን፣ ከፊቱ ምልክት የተደረገበት ደግሞ ኀን። እንግዲህ የባዕድ ልብስ በለበሰበት ሰዓት እንኳ ፊደሉ ማንነቱን አልጣለም። የሚጠቀምበት ሰው ግን ትልቁንና ትንሹን ፊደል ተጠንቅቆ መለየት ነበረበትና ለችኩል ሰው የተመቸ አልነበረም። ከመመቸት ይልቅ ታማኝነትን የመረጠ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ማለት በዓለም ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የማይለወጥ ቍጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ሲሆን የገቡትም 345 ምልክቶች ናቸው። ለዚህ የደከሙት ብዙዎች ናቸው፤ የፍሥሓ አጥላው ስም ከፊተኞቹ ይነሣል፣ የዳንኤል ያዕቆብም ከዋነኞቹ ጋር ይቈጠራል። በዚህ መዝገብ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ቍጥር ተሰጥቷቸዋል። ጆሮ አንድ ያደረጋቸው ሦስቱ ፊደሎች በመኪናው ዘንድ እንደ ሀና እንደ መ የተራራቁ ናቸው። አና ዐ፣ ሠና ሰ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። የመቀነስ ሐሳብ በዚያን ጊዜ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ አንዱን ብቻ መዝግቦ ሌሎቹን መተው ይቻል ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ የብራና ጽሑፍ በኮምፒዩተር ልገልብጥ የሚል ሰው የት ይሄድ ነበር?

አንዳንድ ሰው ይህን የሊቃውንት ቅንጦት ያደርገዋል። እኛ ግን በመሥሪያ ቤት ስለምንውል ነገሩን በሰው ስም እናየዋለን። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም በድምፅ ሳይለወጥ በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያው ፊደል በስድስት ዐይነት፣ «ሥ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት ይጻፋልና ሲባዛ 24 ይሆናል። «ፀሐይ» ብቻዋን 12 መልክ አላት። የልደት ምስክር ወረቀቱ በአንዱ፣ የትምህርት ማስረጃው በሌላው፣ የይዞታ ደብተሩ በሦስተኛው ተጽፎ የመጣ ባለጉዳይ «ሰውየው አንተ መሆንህን በምን እንወቅ?» ሲባል ያየን እናውቀዋለን። መኪናውም የተጻፈለትን ቍጥር ብቻ ስለሚያውቅ «የለም» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ፊደልን ሁሉ ለይቶ መዝግቦ ዝም ቢባል ኖሮ የመቀነስ ወገኖች ትክክለኛ ክርክር ባገኙ ነበር።

የዳንኤል ያዕቆብ ሥራ ያማረው እዚህ ላይ ነው። ፐርል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ካወጧቸው ትንንሽ ሥራዎች ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። አንደኛው የአማርኛን ቃል በድምፁ መልክ ወደ አንድ ቍልፍ ይለውጠዋል፤ ስለዚህ 24ቱ ኃይለ ሥላሴዎች ወደ አንድ በር ይመጣሉ። ሁለተኛው በግዕዝ ፊደል ውስጥ በቤትና በሥርዐት ለመፈለግ ያስችላል፤ ፈላጊው የ«መ»ን ሰባት ልጆች በአንድ ጊዜ ወይም የሁሉንም ፊደል ሳድስ ብቻ ፈልግልኝ ለማለት ይችላል። ፊደሉን ሀሁ ብሎ ላልቈጠረ ሰው ይህ ዐይነት ፍለጋ ከቶ አይታሰበውም። ከሁሉም በላይ ግን የተጻፈው አይነካም። ፍለጋው ይለሰልሳል እንጂ መዝገቡ አይታረምም። «ሰአሊ» ብሎ መለመንና «ሠዐሊ» ብሎ ሥዕል መሣል፣ «ሠረቀ» ብሎ መውጣትና «ሰረቀ» ብሎ የሰው ገንዘብ መውሰድ በየቤታቸው ይኖራሉ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ግን በአንድ ደጃፍ ይገባል። የመቀነስ ወገኖች ያነሡት ችግር በዚህ መንገድ ተቃልሏል፤ የእነሱን መድኃኒት ግን አላስፈለገም። ይህ ዘዴ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ገና አለመግባቱ የፕሮግራሙ ሠሪ ጥፋት አይደለም።

የአኃዙንም ነገር በዐጭሩ እናንሣው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ስለዚህ እንደ ዐረቡ ቍጥር ምልክትን በምልክት እየተኩ መሄድ አይሆንም። ቍጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት እየከፈሉ በመካከሉ አንዴ ፻ን አንዴ ፼ን ማስገባት ያስፈልጋል። 1958ን ፲፱፻፶፰ ብሎ የሚጽፈውን ይህን ደንብ ዳንኤል ያዕቆብ ለመኪና በሚገባ መልክ ጽፈውታል፤ የግዕዝ አኃዝ አጻጻፍ ዛሬ በዓለም አቀፉ መረብ ገጾች ደንብ ውስጥም ተመዝግቦ ይገኛል። ገጻቸውን በግዕዝ አኃዝ ለማስቈጠር ለሚፈልጉ አሳታሚዎች የሚጠቅም ነገር ነው።

የቈየ ፋይል ስለ ማዳን ደግሞ ሊብኤት የተባለውን የፕሮግራም ስብስባቸውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ሥራው ከቀድሞዎቹ ልዩ ልዩ አቀማመጦች ጽሑፉን ወደ አንድ መመለስ ነው። በዚያኛው ገበታ በዚህ የላቲን ፊደል ቦታ የተሣለው የትኛው ፊደል ነበር? ይህን እየጠየቁ ሰንጠረዥ ማውጣት አሰልቺ ነው፤ የሚመሰገንበትም ሰው የለም። የዚያች የባሕር ዳር መበለት ቃለ ጉባኤ ግን ከእንግሊዝኛው ጭምብል የሚወጣው እንዲህ ባለው ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ሰንጠረዡ የሌለው ገበታ ሲገኝ ደግሞ በዚያ የተጻፈው ሁሉ እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ ገበታውን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ሰንጠረዡን ማውጣት የሚቸኵለው ስለዚህ ነው።

የ1999ኙ መዝገብ ሙሉ አልነበረም። ሊቃውንት በምዕራፍ መጨረሻ የሚያስጌጡባት ፠ እንኳ የገባችው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት 116 ምልክቶች ሲጨመሩ ሐዲስ ዓለማየሁ በነጥብ ሲያመለክቱት የነበረው ዐይነት የማጥበቂያ ምልክትም አብሮ ገባ። በ2010 እ.ኤ.አ. 32፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለጉራግኛ የሚያስፈልጉ 28 ፊደሎች ተጨመሩ። በእነዚህ ጭማሪዎች የዳንኤል ያዕቆብ ድካም ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ይገኛል። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ የሩቅ ነገር ሊመስለው ይችል ይሆናል። በራሱ ቋንቋ ስሙን ለመጻፍ ፊደል ላጣ ተማሪ ግን እንደዚያ አይደለም።

አሁን ወደ ነቀፋው እንምጣ።

አንደኛው ነቀፋችን በስሞች ላይ ነው። በዩኒኮድ መዝገብ እያንዳንዱ ፊደል በላቲን የተጻፈ ስም አለው። ሠ «ስዛ» የሚመስል ስም ተሰጥቶታል፤ አና ዐም በጉሮሮ የሚወጡበት ቦታ በባዕድ የሥነ ድምፅ ቃል ተጠቅሶ ተለይተዋል። አገሩ ግን ለእነዚህ ፊደሎች ስም አላጣም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያለ ሕፃኑ ሁሉ ከየኔታ እግር ሥር የተማረው ነው። እነዚህን ስሞች በላቲን ጽፎ ማስገባት ምን ይከለክል ነበር? ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ብቻ መጫን አይገባም፤ ሥራው የብዙ ሰው ነውና። የሚያሳዝነው ግን የመዝገቡ ሕግ አንዴ የተሰጠ ስም ከቶ እንዳይለወጥ የሚያዝ መሆኑ ነው። ንጉሡ ሠ «ስዛ» እንደ ተባለ ይኖራል።

ሁለተኛው ነቀፋችን የበለጠ ክብደት አለው፤ እሱም ወደ ጣና ይወስደናል። ቅዱስ ያሬድ በጣና ቂርቆስ እንደ ተቀመጠ በትውፊት ይነገራል። የዜማውን ምልክትም በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳወጡት ሊቃውንት ያስተምራሉ። በ2005ቱ ጭማሪ ከ5008 እስከ 5017 ባለው ቍጥር ዐሥር የዜማ ምልክቶች ገብተዋል። ይህ እጅግ የሚያስደስት ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የመኪና መዝገብ ዜጎች ሆነዋል። ነገር ግን ዐሥሩ የሊቃውንቱ ዐሥር አይደሉም። ሊቃውንት ከስምንቱ ጋር ድርስንና አንብርን ይቈጥራሉ፤ መዝገቡ ደግሞ ዐጭር ርክርክንና ደረት ሂደትን ቈጥሯል። ድርስና አንብር በፊደል የሚመለከቱ ስለሆኑ የተለየ ቍጥር አያስፈልጋቸውም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ መልሱም ያስኬዳል። ያም ሆኖ የዜማ ተማሪ መዝገቡን ሲያይ ቍጥሩ ብቻ ገጥሞ ምልክቶቹ ሳይገጥሙለት ግራ ይጋባል።

ዋናው ችግር ግን የአቀማመጡ ነው። በድጓ ላይ የዜማ ምልክት የሚኖረው በፊደሉ ራስ ላይ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ግን እነዚህ ዐሥር ምልክቶች በፊደል ላይ የሚደረቡ ሆነው ሳይሆን ለብቻቸው የሚቆሙ ሆነው ገብተዋል። የማጥበቂያው ምልክት በፊደል ላይ እንዲደረብ ሲደረግ ይዘትና ደረት ከፊደሉ ጎን እንዲቆሙ ተደረገ ማለት ነው። በራስ ላይ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ከመዝገቡ ውጭ ሌላ የገጽ አደራረግ ዘዴ መጨመር ይኖርበታል። ከምልክቶቹም በላይ ከመስመሩ በላይ በደቂቅ ፊደል የሚጻፈው የዜማ ምልክት አለ። ይህ ከታወቀ የዜማ ቃል የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሲሆን መሪጌታው አይቶት ሙሉውን ዜማ ከልቡ ያወጣዋል። ለዚህም ፊደሎቹ በመዝገቡ አሉ፤ ቦታቸውን የሚጠብቅላቸው ግን ሌላ ፕሮግራም ነው። እንግዲህ ሀን ከሐ ለይቶ ለማኖር ያን ያህል የጠነቀቀ ሥራ፣ ድጓን በተራ ጽሑፍ እንደ ተጻፈ ለማኖር አልበቃም።

ሦስተኛውን በዐጭሩ እንለፈው። ከእነዚህ ሥራዎች የአብዛኞቹ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ፐርልም ዛሬ ወጣቶች በብዛት የሚማሩት ቋንቋ አይደለም። ፊደል ጠባቂው ፕሮግራም ራሱ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ለባሕር ዳር ሰው የሩቅ ወሬ እንዳይመስል ስለ ሐይቁ መጻሕፍት ጥቂት እንበል። በ1968 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በጣና ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሡ። የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት የሚዘረዝረው ካታሎጋቸው በ1973፣ የደብረ ማርያምና የሬማው ደግሞ በ1977 ታትሟል። በ1973 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተጀመረው ታላቁ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም በዚያው ዘመን የተከናወነ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን የሰጡት እነዚያን ፊልሞች አንብቦ ለመዘርዘር ነበር። እነዚህ ሰዎች መጻሕፍቱን ከእሳትና ከምስጥ ፍርሃት በከፊል አድነዋል። የዳነው ግን ሥዕሉ ነው። ሥዕል አይፈለግም፤ አንድ ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ ለማወቅ እንደ ጌታቸው ኃይሌ ያለ ዐይን ገጽ በገጽ መሄድ ይኖርበታል። ሥዕሉ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ ብቻ ነው 4608ና 4624 ሥራ የሚጀምሩት።

በዚያን ጊዜም ጸሐፊውን ለማረም መፈተን አይቀርም። የብራና ጸሐፍት ሀን በሐ፣ ሠን በሰ እየለወጡ የጻፉበት ቦታ ብዙ ነው። ገልባጩ «አሻሽዬ ልጻፈው» ብሎ ሁሉን ወደ አንድ ሥርዐት ቢመልሰው የጸሐፊውን እጅ አጠፋ ማለት ነው። ሁለት መጻሕፍት ከአንድ እናት መጽሐፍ መገልበጣቸው ከሚታወቅበት ምልክት አንዱ ስሕተቱን መጋራታቸው ነውና፣ የጸሐፊው ስሕተት ለተመራማሪው ምስክር ነው። ከላይ ያመሰገንነው ሐሳብ፣ ጽሑፉን ሳይነኩ ፍለጋውን ማለስለስ፣ ከቢሮ ይልቅ ለገዳም ዕቃ ቤት የተሠራ እስኪመስል ድረስ እዚህ ቦታውን ያገኛል።

ሥዕልን ወደ ጽሑፍ የመለወጡ ሥራ በከተማችን ተጀምሯል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የሆኑት ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቻቸው ኮምፒዩተር የአማርኛን ጽሑፍ ከሥዕል ላይ እንዲያነብ የሚማርበትን የ337,337 መስመሮች ስብስብ አዘጋጅተው ለተመራማሪዎች አቅርበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከታተመ ገጽ ላይ የተነሡት 40,929 ናቸው፤ በግዕዙ አኃዝ ፬፼፱፻፳፱ መሆናቸው ነው። የቀሩት በኮምፒዩተር የተሠሩ ናቸው። መስመሮቹ የተጻፉባቸውም ገበታዎች ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ናቸው፤ ትናንት የቢሮ ፋይል ያሳጡን ገበታዎች ዛሬ መኪናን ንባብ ማስተማሪያ ሆነዋል።

የብራና ገጽ ግን ከታተመ ገጽ የተለየ ነው። ቀይና ጥቍር ቀለም በአንድ መስመር ይገናኛሉ፤ ብራናው ይሸበሸባል፤ የጸሐፊው እጅ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ በመስመሩ ላይም የዜማው ደቂቅ ፊደል ይገባል። ይህን ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ቢሰጡት ርክርክን የቀለም ጠብታ ነው ብሎ ይሰርዘዋል፤ ለመሪጌታ ብቻ ቢሰጡት ደግሞ ጽሑፉ ከአንድ መኪና አይወጣም። ሁለቱም በባሕር ዳርና በዙሪያዋ አሉ። ከከተማው ወደብ እስከ ክብራን በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፤ ዘጌም ሩቅ አይደለችም። በዚህ ሐይቅ ካሉት ገዳማት በአንዱ፣ በማኅበሩ ፈቃድ፣ አንድ ድጓ ተመርጦ በፎቶግራፍ ቢነሣ፣ ሥዕሉና ጽሑፉ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ጸሐፊው ሐመሩን ሐ በሃሌታው ሀ ለውጦ የጻፈበት ቦታ ሳይታረም ቢተላለፍ፣ ምልክቶቹም በፊደሉ ራስ ላይ እንዲቀመጡ የሚያደርገው ፕሮግራም በዚያው መጽሐፍ ላይ ቢፈተን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ከ5008 ጀምሮ ቍጥር የተሰጣቸው ዐሥሩ ምልክቶች ለዜማ መጽሐፍ ይበቁ ወይም አይበቁ እንደሆነ ያን ጊዜ በማስረጃ ለመናገር ይቻላል።